በታንኳ የተኛው፣ በጌቴሴማኒ ያላበው

የሚያምን ሰው ሲጨነቅ እምነቱ ጎድሏል ማለት ነው? ልጅ ሳለሁ በሰንበት ትምህርት ቤት የተሰጠን መልስ አጭር ነበር፦ አዎ፣ ጎድሏል። ያስተማሩን መምህር እንባን ሳይቀር በጥርጣሬ የሚያዩ ሰው ነበሩ።

ታናሽ ወንድሜ ኩላሊቱ ከደከመ ጀምሮ በሳምንት ሦስት ጊዜ እጥበት ያደርግ ነበር። የእጥበትን ነገር የደረሰበት ያውቀዋል፤ አንዴ ተከፍሎ የሚገላገሉት አይደለም፣ ከአንዱ ቀጠሮ እስከ ቀጣዩ ያለው ጊዜ ሁሉ ብር ሲፈልጉ ያልቃል። ዕጣ ያልደረሰኝን ዕቁብ ለምኜ በላሁ፤ የእናቴ ወርቅ ተሸጠ፤ ዘመድ ተለመነ፤ በመጨረሻም የማያውቀን ሰው ሁሉ ተለመነ። ወንድሜ ዐረፈ፣ ዕዳው ቀረ። አከራያችንም ሐዘናችን ሳይወጣ ኪራይ ጨመረችብን። በሠልስቱ ዕለት እኚያው መምህር መጡ። እናቴ ደረቷን ስትመታ ቢያዩ ተስፋ የሌላቸው ሰዎች እንደሚያለቅሱት አታልቅሺ ብለው ገሠጿት። ወደ እኔም ዞረው «ተረጋጋ፤ ኢዮብን አስብ» አሉኝ።

የተባልሁትን አደረግሁ፤ ኢዮብን አሰብሁ። መጽሐፉ 42 ምዕራፍ አለው። ሰባኪዎቻችን የሚያውቁት ኢዮብ ግን በሁለተኛው ምዕራፍ ያበቃል፤ ሀብቱንና ልጆቹን አጥቶ አምላኩን የባረከው፣ በዐመድ ላይ ተቀምጦ በከንፈሩ ያልበደለው ኢዮብ። በሦስተኛው ምዕራፍ ያው ሰው አፉን ከፍቶ የተወለደባትን ቀን ይረግማል። ከዚያ ወዲያ አቤት ይላል፣ ይከሳል፣ ፈጣሪውን ለሙግት ይጠራል፤ ወዳጆቹ ደግሞ ልክ እንደ መምህሬ ራስህን መርምር ይሉታል። መጨረሻ ላይ እግዚአብሔር የተቆጣው በማን ነው? በወዳጆቹ! ስለ እርሱ ቅን ነገር የተናገረው ኢዮብ መሆኑን ነገራቸው፤ መሥዋዕት አቅርበው ኢዮብ እንዲጸልይላቸውም አዘዘ። መጽሐፉን ዕድሜ ልካቸውን ያነበቡ ሰው ይህን እንዴት አላዩትም? ወይስ አይተውታል፣ ለቅሶ ቤት የሚመቸው ግን የፊተኛው ሆኖባቸው ነው?

እናቴ የተገሠጸችበት ቃል የጳውሎስ ነው፤ በእርሱ ላይ ብዙ አልቆይም። የተሰሎንቄን ሰዎች የከለከላቸው ያለ ተስፋ ማዘንን ነው፣ ማዘንን አይደለም፤ በእስያ መከራ በጸናበት ጊዜም በሕይወቱ ተስፋ እስከ መቁረጥ ደርሶ እንደነበር ራሱ ለቆሮንቶስ ሰዎች አልደበቀም። ክርስቶስም እንደሚያስነሣው እያወቀ በአልዓዛር መቃብር አልቅሷል። እስከዚህ ያለው ግልጽ ነው፤ ሐዘን ክህደት አይደለም።

ነገር ግን ታንኳይቱ አለች።

ይህን የምጽፈው ሌሊት ነው፤ በእኛ ሰፈር ውኃ የምትመጣው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ስለሆነ ጀሪካኑ እስኪሞላ መቀመጥ ግድ ነው። ደጋግማ ወደ ሐሳቤ የምትመጣው ደግሞ ያች ታንኳ ናት። በገሊላ ባሕር ማዕበል ተነሥቶ ውኃው ሊሞላት ሲደርስ ክርስቶስ በስተኋላዋ ትራስ ተንተርሶ ተኝቷል። ደቀ መዛሙርቱ ቀሰቀሱት፤ ነፋሱን ገሠጸው፤ ባሕሩ ጸጥ አለ፤ እነርሱንም ስለ ፍርሃታቸውና ስለ እምነታቸው መጉደል ወቀሳቸው። መምህሬ እዚህ ላይ ቢያቆሙኝስ? ኢዮብን ወሰድህ፣ ጳውሎስን ወሰድህ፣ የአልዓዛርንም መቃብር ወሰድህ፤ ይህችን ምን ልታደርጋት ነው? የፈሩት ተወቅሰዋል፤ የተኛው ጌታ ነው።

መጀመሪያ በቅደም ተከተሉ ላመልጥ ሞከርሁ። በማቴዎስ ወቀሳው ይቀድማል፣ ባሕሩ ኋላ ይታዘዛል። በማርቆስና በሉቃስ ግን መጀመሪያ ባሕሩ ጸጥ ይላል፣ ጥያቄው ከዚያ ይከተላል። እኛ ስንሰበክ ያደግነው በማቴዎሱ ነው፤ አንተ እመን፣ ማዕበሉ ያኔ ይቆማል። በማርቆስ እኮ ማዕበሉ የቆመው ለማያምኑ፣ ያውም ስንጠፋ ግድ አይልህም ወይ ብለው በድፍረት ለቀሰቀሱት ሰዎች ነው። በዚህ ጥቂት ጊዜ ተጽናናሁ። ግን አይበቃም፤ ቀደመም ዘገየ ወቀሳው በሦስቱም ወንጌል አለ። ከዚህ የባሰ ነገርም አለ፦ የእነርሱ ታንኳ አልሰጠመችም፣ የእኛዋ ሰጠመች። የጮኽነው ከእነርሱ አንሶ ነው? ያልገባንበት ጸበል፣ የወንድሜ ስም ያልተጠራበት ደጀ ሰላም የለም።

ሁለተኛ፣ ወቃሹ ማን እንደሆነ አሰብሁ። ባሕሩን ዝም የሚያሰኝ አትፍሩ ቢል ያምርበታል፤ ቃሉ ይሠራልና። ከኪራዬ ግማሹን እንኳ ሊከፍልልኝ የማይችል ሰው ያንኑ ቃል ተውሶ ሲወረውርብኝ ሥልጣኑን ከየት አገኘው? በታንኳይቱ ውስጥ ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ ሌላውን ለምን ትፈራለህ ብሎ ሲገሥጽ አልተጻፈም፤ የጮኹት አንድ ላይ ነው። ይህን ያናገረኝ ንዴት መሆኑን አውቃለሁ። በንዴት መነገሩ ግን ሐሰት አያደርገውም።

ሦስተኛው ሐሳብ ይሻላል። በታንኳይቱ እርሱ ተኝቶ ደቀ መዛሙርቱ በፍርሃት ነቅተዋል። በጌቴሴማኒ ደግሞ እርሱ ነቅቶ ነፍሱ እስከ ሞት አዝናለች፤ በሉቃስ እንደተጻፈው ላቡ እንደ ደም ነጠብጣብ ወደ ምድር ይወርድ ነበር። ተኝተው የተገኙት እነርሱ ናቸው፤ ወቀሳውም በተኙት ላይ ነው የወረደው። መረጋጋት የእምነት ምልክት ከሆነ በዚያ ሌሊት አማኙ ማን ሊባል ነው? ያው አንዱ ጌታ በአንደኛው ስፍራ ተኝቷል፣ በሌላው አልቦታል፤ አባቱን ግን በሁለቱም ስፍራ አምኗል። እንግዲያስ እንቅልፉም ላቡም መለኪያ ሊሆኑ አይችሉም።

መምህሬ ለዚህም መልስ አላቸው፤ እርሱ የተጨነቀው እኛ እንዳንጨነቅ ነው ይላሉ። ታዲያ በሰሞነ ሕማማት ለምን እንሰግዳለን? በዚያ ሳምንት መስቀል አንሳለምም፣ አንጨባበጥም፤ የእርሱን መከራ እያሰብን ስንወድቅ ስንነሣ እንውላለን። ደረት መምታቱን አባቶች እንደሚነቅፉ አውቃለሁ። ለጌታዋ ጭንቀት ሳምንት ሙሉ የምትሰግድ ቤተ ክርስቲያን ግን ለአንዲት እናት እንባ ቦታ ታጣለች ቢሉኝ አላምንም።

እናቴ ዳዊት ትደግማለች። መዝሙሩ ለሳምንቱ ቀናት ተከፋፍሎ ሐሙስ የሚደርሰው ከ81 እስከ 110 ያለው ነው፤ በመካከሉ 87ኛው አለ። አብዛኞቹ የሐዘን መዝሙራት ሲጨርሱ ወደ ተስፋ ይዞራሉ፤ ይህኛው ሳይዞር በጨለማ ያልቃል። እናቴ ዘላው አታውቅም። «እማዬ፣ ይህን ስትደግሚ አይከብድሽም?» ብዬ ጠየቅኋት። «ምን ይከብደኛል፤ የኔን ነገር ቀድሞኝ ተናግሮልኛል» አለችኝና 88ኛውን ቀጠለች። ከደገመች በኋላ ጥቂት ይቀላታል። በማግስቱ ሐዘኑ ያው ነው። ጳውሎስም ለፊልጵስዩስ ሰዎች ስለ ሰላም የጻፈላቸው ልመናቸውን እንዲያስታውቁ ከነገራቸው ቀጥሎ ነው፤ አቤቱታው ይቀድማል።

የልብን መናገር ማንንም ያቀላል፣ እምነት ምን ጨመረበት የሚለኝ ይኖራል። ሰሚ አለ ብላ መናገሯን ጨምሯል። ሰሚው መኖሩን ለሌላው እንደ ሒሳብ ላረጋግጥለት አልችልም። የዘርዐ ያዕቆብ ሐተታም፣ ጸሐፊው ማን ነው የሚለው ክርክር እንዳለ ሆኖ፣ ዳዊቱን ይዞ ዋሻ የገባው ሰው ጸሎቴን የሚሰማ አለ ወይ ብሎ መጠየቁን ይነግረናል። እየጠየቀም መጸለዩን አልተወም።

ስለዚህ ሰላም የለም አልልም፤ በእናቴ ላይ አይቼዋለሁ፣ አንዳንድ ቀን እኔንም ይጎበኘኛል። በትእዛዝ ግን አይመጣም፤ ያልመጣለት ሰውም ከሃዲ አይደለም። ታንኳይቱን ጨርሼ አልፈታኋትም። ያ ወቀሳ አሁንም ይወጋኛል፤ ምናልባት ሊወጋኝ ይገባ ይሆናል። ይህን ላፍርስ የሚል መምህር ካለ ከማርቆስ ምዕራፍ 4 ይጀምርልኝ፤ በኢዮብ ምዕራፍ 1 ግን አይምጣብኝ።