ቀደርና ቸልተኝነት

ጣርማበርን የሚያውቅ ሰው ጭጋጉን ያውቃል። ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና የሚወርድ ሾፌር አንዳንድ ቀን ከፊቱ ያለውን መኪና እንኳ ማየት ይሳነዋል። እዚያ ላይ ደርቦ ሊያልፍ ሲል ሰው ቢገድል፣ ለቅሶ ቤት የሚነገረው ቃል አስቀድሞ የታወቀ ነው፦ «የአላህ ቀደር ነው፣ ምን ይደረጋል!» ለመሆኑ ቀደር መሆኑ የሾፌሩን ተጠያቂነት ያስቀራልን?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2028 በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ሰው እንዲክስ ያዛል። ጥፋት መኖር አለመኖሩ የሚለካው፣ አንቀጽ 2030 እንደሚያሳየው፣ አስተዋይ ሰው በዚያ ሁኔታ ያደርገው በነበረው ነው። እንግዲህ ዳኛው ይመዝናል፦ አደጋው አስቀድሞ የሚታሰብ ነበርን? ቢደርስ ምን ያህል ይከፋል? መከላከያውስ ምን ይጠይቅ ነበር? በጣርማበር ጭጋግ ውስጥ መከላከያው ቀስ ብሎ መንዳት፣ ግፋ ቢል ግማሽ ሰዓት መዘግየት ነው።

ጉዳት ሁሉ ግን ጥፋት አይደለም። በ1951 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ ችሎት፣ ከክሪኬት ሜዳ የወጣች ኳስ በመንገድ የቆመችን ሴት በመታችበት ጉዳይ ክሱን አልተቀበለም፤ ኳስ ወደዚያ መንገድ የወጣችው በ30 ዓመት ውስጥ 6 ጊዜ ያህል ብቻ ነበርና።

«ሾፌሩ ልጅ፣ ገና ጀማሪ ቢሆንስ?» የሚል ይኖራል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 59 ዕድሜንና ልምድን ከግምት ያስገባል። በካሣ ጉዳይ ግን ሕግ ካላዘዘ በቀር ዕድሜ መለኪያውን አይለውጠውም፤ የመኪናው ባለንብረትማ በአንቀጽ 2081 መሠረት ጥፋት ባይኖርበትም ይጠየቃል። ይህ ጭካኔ ይመስላል፤ ነገር ግን ቅጣት የአጥፊውን ሰውነት ሲመለከት፣ ካሣ የሚመለከተው አባቱን ያጣውን ልጅ ነው። የሾፌሩ ጀማሪነት ለዚያ ልጅ እንጀራ አይሆነውም።

በሃይማኖታችንም ነገሩ እንግዳ አይደለም። የበራእ ኢብን ዓዚብ (ረ.ዐ.) ግመል የሰዎች አትክልት ገብታ ባጠፋች ጊዜ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቀን አትክልቱን መጠበቅ የባለ አትክልቱ ድርሻ፣ በሌሊት ለሚደርሰው ጥፋት ግን ተጠያቂው ባለ እንስሳው እንዲሆን መወሰናቸው ተዘግቧል። መለኪያው እያንዳንዱ በየሰዓቱ ሊጠብቅ የሚገባው ነው፤ ከብቱ በሌሊት አዝመራ የገባበት የአንኮበር ገበሬ ይህን ለመረዳት ጠበቃ አያሻውም። በሱረቱ ኒሳእ 92ኛ አንቀጽም በስህተት ለገደለ ሰው እንኳ የደም ካሣ ታዟል፤ የሟች ቤተሰብ ካልማረ በቀር።

ስለዚህ ምሕረት የቤተሰቡ ነው። በቀደር የሚጽናናው ያዘነው ሰው ነው፤ አጥፊው ወይም ባለመኪናው «ቀደር ነው» ብሎ ከካሣ ሲሸሽ ግን ያለ ፈቃዳቸው የሰውን ሐቅ መውሰዱ ነው። ለሽምግልና የሚሄዱ አባቶቻችንም «ይቅር በሉ» ከማለታቸው በፊት «ምን ልትክስ አስበሃል?» ብለው ይጠይቁት።

ወላሁ አዕለም።