ቀለሁ የማን ነው?

ዓድዋ ላይ አንድ ሰው በብረት መፈለጊያ መሣሪያ የጥይት ቀለህ አገኘ እንበል። ሲያጣራው የ10.4 ሚሊ ሜትር ቬተርሊ ሆነ፤ የጣልያን ጠመንጃ። በቃ፣ ታወቀ?

እኔ አይመስለኝም። በ1888 ዓ.ም. ቬተርሊ በሁለቱም ወገን ይተኮስ ነበር፤ የተማረከም ነበረና። በጣልያን በኩል ከተሰለፉትም መካከል ብዙ ኤርትራውያን አስካሪዎች ነበሩ። «የጠላት ጥይት» ብሎ መሰየም ቀላል ነው፤ ተኳሹ ግን ትግርኛ ተናጋሪ ሊሆን ይችላል። (የፈረንሳዩን ፉዚ ግራ «ውጅግራ» ብለን የራሳችን ያደረግን ሰዎች ይሄ ሊገርመን አይገባም።)

የሚያስጨንቀኝ ግን ሌላ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሊትል ቢግሆርን በተባለው የጦር ሜዳ፣ እ.ኤ.አ. በ1984 አርኪዮሎጂስቶች ቀለሆቹ የተገኙበትን ቦታ አንድ በአንድ መዘገቡ። ከዚያ የጠመንጃው መርፌ የተወባቸውን ምልክት እያነጻጸሩ አንድ ጠመንጃ ከየት ወዴት እንደሄደ ተከተሉ። አንድ ሰው የሮጠበትን መንገድ ማለት ነው። ይህን የነገራቸው ቀለሁ ብቻ አይደለም፣ የወደቀበት ቦታም ጭምር ነው።

የኛው ሰው ቀለሁን አንስቶ ኪሱ ሲከት የጠመንጃውን ስም ያውቃል፤ የተኳሹን ዱካ ግን ያጠፋዋል። «የአያቴ አገር ነው፣ ማን ይከለክለኛል?» ቢለኝ፣ አያቱ ቆሞ የተኮሰበትን ቦታ ከእንግዲህ ማን እንደሚያሳየው መልሼ እጠይቀዋለሁ።