ከመኪና ሥር ያለ ሰው ቀን

«ቀኑ ያልደረሰ አይሞትም» ሲባል በእኛ አካባቢ አብዛኛውን ጊዜ የምሰማው ከመኪና ሥር ነው። ከአዲስ ቅዳም የዲከረንስ ከሰል ከልክ በላይ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ አይሱዙ እንጅባራ ሲደርስ ባሌስትራው ይሰበራል። ሹፌሩ መንገድ ዳር ያቆምና ክሪክ አስገብቶ ያነሳዋል፤ ድንጋይ ወይም ግንድ ይደግፍና በጀርባው ተንሸራቶ ይገባል። ጎማው ላይ ታኮ አድርግ፣ ሻንሲው ሥር የብረት ድጋፍ አቁም ስትለው ይህንኑ ይመልስልሃል። ንቀት የለበትም፤ ከልቡ አምኖ ነው የሚናገረው። ስለዚህ መልሱም እንደ እምነት ጉዳይ ሊሰጠው ይገባል።

እኔ መካኒክ ነኝ፤ በልጅነቴ ደግሞ በድቁና አገልግያለሁ። ግቢዬ ውስጥ ጋራዥ ለመሥራት ስነሳ ብዙ ሰው የመከረኝ መኪናው ከላዩ ቆሞ ከሥሩ የሚሠራበት ጉድጓድ እንድቆፍር ነበር፤ ርካሽ ነው፣ መብራትም አይፈልግም። ነገር ግን እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ናት፤ ክረምቷን የሚያውቅ ያውቀዋል። እዚህ የተቆፈረ ጉድጓድ ሐምሌ ላይ ኩሬ ይሆናል። ሌላም ምክንያት ነበረኝ። ኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 21 ላይ ጉድጓድ ከፍቶ ሳይከድን ስለተወ ሰው ሕግ አለ፤ በሬ ወይም አህያ ቢወድቅበት ባለጉድጓዱ ይከፍላል። የበሬው ቀን ደርሶ ነበር ብሎ እንዲከራከር የተተወለት ቀዳዳ የለም። ዘዳግም ምዕራፍ 22 ደግሞ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣሪያው ዙሪያ መከታ እንዲያበጅ ያዛል፤ ሰው ከዚያ ቢወድቅ የደሙ ዕዳ ወደ ቤቱ ይመጣል። እነዚህን ሕጎች የሰጠው የእያንዳንዱን ሰው ቀን የሚያውቀው እግዚአብሔር ራሱ ነው። ቀንን ማወቁ መከታን ከማዘዝ አልከለከለውም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም በአንቀጽ 2081 የማሽንና የተሽከርካሪ ባለቤትን፣ ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ፣ ንብረቱ ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል።

ስለዚህ ባለ ሁለት ምሶሶ ሊፍት ተከልሁ፤ 4 ቶን የሚያነሳ። ለቪትዝና ለኮሮላ ይተርፋል፤ ለባዶ ዶልፊንም ይበቃል። አይሱዙ ግን አይወጣበትም፣ ከነጭነቱማ ጨርሶ አይታሰብም። የምሶሶዎቹ ቡሎኖች የሚታሰሩበት ኮንክሪት ሙሉ ጥንካሬውን እስኪያገኝ 28 ቀን ውኃ እያጠጡ መጠበቅ ግድ ነው። ጎረቤቶቼ የተገዛ ዕቃ ማዳበሪያ ለብሶ ቁጭ ማለቱ ገርሟቸው ነበር።

አሠራሩን ልንገራችሁ፤ ሐሳቤ ያለው እዚያ ላይ ነው። ሞተሩ ፓምፑን ያዞራል፣ ፓምፑ ዘይቱን ወደ ሲሊንደር ይገፋል፣ ክንዶቹ መኪናውን ይዘው ይነሳሉ። ሲወጡ በምሶሶው ውስጥ ያለው መቆለፊያ ደረጃ በደረጃ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። አሁን መኪናው ላይ ነው፤ የተንጠለጠለው ግን በዘይት ነው። ጎሚኒው ቢያፈስ ወይም ቱቦው ቢፈነዳ ይወርዳል። ስለዚህ ወደሚፈለገው ከፍታ ካደረሱ በኋላ ጥቂት ዝቅ አድርገው ጭነቱ በመቆለፊያው ብረት ላይ እንዲያርፍ ማድረግ ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ መብራት ቢጠፋም፣ በእኛ ከተማ ደግሞ መጥፋቱ አይቀርም፣ ሥሩ ያለው ሰው አይነካም። ይህችን ጥቂት ዝቅታ የሚዘልል መካኒክ ብዙ ነው። መኪናው ሲያዩት ቆሟል፤ የቆመበትን ነገር የሚጠይቅ የለም።

የንስሐ አባቴ ጋራዡን ጸበል ሊረጩልኝ መጥተው ሊፍቱን ዞረው ተመለከቱ።

«ይሄ ነገር ቢከዳህስ ልጄ?» አሉኝ።

መቆለፊያውን አሳየኋቸው። እጃቸውን በብረቱ ላይ አድርገው ጥቂት ቆዩና «እንግዲህ ይሄም ሲሳይ ነው» ብለው መርጨት ጀመሩ። ጸበሉና መቆለፊያው አልተጣሉባቸውም።

ሹፌሮቻችን በመስታወታቸው ላይ ከሚጽፏቸው መዝሙራት መካከል 90ኛው አንዱ ነው፤ መላእክት ሰውን በእጃቸው ስለማንሳታቸው የሚናገረው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 4 ይህንኑ ቃል ጠቅሶ ከቤተ መቅደሱ ጫፍ ራስህን ወርውር ያለው ግን ዲያብሎስ ነው። ቃሉ እውነት ነው፤ አጠቃቀሙ ነበር ጠማማ። ጌታም እግዚአብሔርን መፈታተን እንደማይገባ መለሰለት። እኔ ክሪክ ላይ ብቻ በተንጠለጠለ መኪና ሥር የሚገባን ሰው ሳይ የማስበው ያንን ጫፍ ነው።

ስለ ቀን ከተነሳ የንጉሥ ሕዝቅያስ ነገር አለ። እንደሚሞት በነቢዩ በኢሳይያስ አፍ ተነገረው፣ አለቀሰ፣ 15 ዓመት ተጨመረለት። ተስፋው ከተሰጠው በኋላም ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ አምጥታችሁ በቁስሉ ላይ አድርጉ አለ። ለምን? ዕድሜው ተቆርጦ ተነግሮት የለም? እኔ እስከሚገባኝ እግዚአብሔር የሰጠው ዕድሜ በበለሱ በኩል ነው የመጣው። በእኛም ዘንድ ጥር 23 እንጅባራ ላይ ጊዮርጊስን ጠርተው የሚጋልቡትን የአገው ፈረሰኞች እዩ፤ ማኅበራቸው ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ኮርቻው የታሰረበትን ጠፍር ሳይፈትሽ የሚወጣ ፈረሰኛ የለም፣ በዚህም እምነቱን የተጠራጠረበት የለም።

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን የረዳቴ ነገር ነው። ከዳንግላ እናቱ አምጥታ «አደራ» ብላ የሰጠችኝ ልጅ ነው። ማብሪያውን የምጫነው እኔ ነኝ፣ ሥር የሚገባው እሱ ነው። ሰው በገዛ ቀኑ ላይ እንዲህ ብዬ አምኛለሁ ቢል ከአምላኩ ጋር ይነጋገር። እኔ በልጁ ቀን ላይ ማመን የምችልበት ሥልጣን ከየት ይመጣል? «ቀኑ ከደረሰ ምን ይደረጋል» የሚል አሠሪ የሰው አደራ ይዞ ነው የሚናገረው፤ ሲታሰብ የሚያድነው ደግሞ የገዛ ገንዘቡን ነው።

ልጁ ራሱ አንድ ቀን «ጋሼ፣ መቆለፊያውስ ቢሰበር?» ብሎ ጠየቀኝ። ሊሰበር እንደሚችል ነገርሁት፤ ብረት ነውና። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ገመዶቹንና የምሶሶውን ቡሎኖች የሚያየው እሱ ነው፣ ልል ያገኘ ቀን ደግሞ ሊፍቱ አይነሳም፤ ደንበኛ ቢቆጣም።