ሸክሙ የማን ነው?

‹‹ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ›› ይላል የአገራችን ሰው። ስለ መረዳዳት በተነሣ ቁጥር ይህ ምሳሌ ሳይጠቀስ አይታለፍም፤ እውነትነቱንም የሚጠራጠር የለም። ይሁን እንጂ ምሳሌው አንድ ጥያቄ ሳይመልስ ያልፋል፤ ሎሚዎቹ የማን ናቸው? ሃምሳው ሰው የተከፋፈለው የራሱን ሸክም ነው ወይስ ሌላ አካል ሊሸከመው የሚገባውን? ነዋሪዎች በበጎ ፈቃድ ተሰባስበው ሰፈራቸውን ለማሻሻል በሚደክሙበት ቦታ ሁሉ ይህ ጥያቄ አለ። ጎልቶ ከሚታይባቸው ስፍራዎች አንዷ ከአምቡሊ ወንዝ ማዶ የተዘረጋችው የጂቡቲ ከተማ ሰፈር፣ ባልባላ ናት።

ባልባላን የወለዳት የከተማ ፕላን ሳይሆን የሽቦ አጥር ነው። ጄኔራል ደ ጎል በኦገስት 1966 ጂቡቲን ሲጎበኙ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ነጻነትን የሚጠይቁ ሰልፈኞች ጠበቋቸው። በማግሥቱ ዓመት፣ በማርች 1967፣ ሕዝበ ውሳኔ ተካሄደ። የቅኝ አስተዳደሩም በዚያው ሰሞን ወደ ከተማይቱ የሚገባውን ሰው ለመቆጣጠር ዙሪያዋን በሽቦ አጠረ። ከገጠርና ከጎረቤት አገሮች እንጀራ ፍለጋ የመጣው ሰው ከአጥሩ ውጭ ቀረ፤ በቀረበትም ቦታ ቆርቆሮና እንጨት ለቃቅሞ ጎጆ ቀለሰ። ጂቡቲ በጁን 27 ቀን 1977 ነጻ ወጣች፤ ባልባላ ግን በይፋ የከተማይቱ አካል የሆነችው በ1987 ነው። ከከተማይቱ ሦስት ኮሚዩኖች አንዷ ሆና የራሷን ምክር ቤት ለመምረጥ ደግሞ እስከ 2006 መጠበቅ ነበረባት።

እንግዲህ ለሃያ ዓመታት ያህል ባልባላ ሰው የሚወለድባትና የሚሞትባት፣ በመዝገብ ላይ ግን የሌለች ሰፈር ነበረች። ከዚያም በኋላ ቢሆን ብዙው ነዋሪ ይዞታው ጊዜያዊ ስለነበር በድንጋይና በሲሚንቶ እንዲገነባ አይፈቀድለትም ነበር። ቆርቆሮ ‹‹ነገ ትነሣለህ›› ማለት ነው፤ ድንጋይ ደግሞ ‹‹እዚሁ እኖራለሁ›› ማለት ነው። ቤቱን በድንጋይ ማቆም ያልተፈቀደለት ሰው ‹‹እዚሁ እኖራለሁ›› የሚልበት ሌላ ቋንቋ ያስፈልገዋል። የሠፈር ማኅበራት በጎ ፈቃድ፣ ማለትም የመንደሩን መተላለፊያ መጥረግ፣ ውኃ መውረጃ መቆፈር፣ ዛፍ መትከል፣ ልጆችን ማታ ማታ ማስጠናት፣ እንዲህ ያለ ቋንቋ ነው ብዬ አምናለሁ። በወረቀት ያልተሰጠን ባለቤትነት በላብ መጻፍ ነው።

ነገሩን ቀረብ ብለን ለማየት አንድ ምሳሌ በሐሳባችን እንሳል። የአንድ መንደር ወጣቶች ዝናብ ከመምጣቱ በፊት በቆሻሻ የተደፈነውን የውኃ መውረጃ ለመክፈት ዓርብ ረፋድ ላይ ተሰበሰቡ እንበል። በየቤቱ እየዞሩ አንድ አንድ ሰው ጠየቁ። በመንገድ ዳር ሻይ የምትሸጥ አንዲት እናት ግን አልመጣችም። በዚያ ቀን ሻይ ካልሸጠች ልጆቿ ምሳ አይበሉም። ማኅበሩ ምን ይበላት? ‹‹ሰነፍ›› ቢላት ግፍ ነው። ዝም ቢላት ደግሞ የቆፈሩት ጎረቤቶቿ ያጉረመርማሉ፤ ቦዩ የእርሷንም ቤት ያድናልና።

ከዚህች ትንሽ ጉዳይ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ የድሃ ጊዜ በነጻ የሚገኝ ነገር አለመሆኑ ነው። ደመወዙ በወሩ መጨረሻ የሚጠብቀው ሰው ለግማሽ ቀን አካፋ ቢይዝ የሚሰጠው ዕረፍቱን ነው፤ የዕለት ጉርሱን በዕለት ሥራው የሚያገኝ ሰው ግን የሚሰጠው እንጀራውን ነው። ሁለተኛው፣ እንቢ ለማለት የማያስችል በጎ ፈቃድ በጎ ፈቃድ መሆኑ እንደሚያበቃ ነው። የሻይ ሻጯ መቅረት ያለ ቂም ሲታለፍ ብቻ የሌሎቹ መምጣት ስጦታ ይሆናል።

እዚህ ላይ ‹‹ታዲያ ድሃው ለምን ይሠራል? በደህና ሰፈር ያለው ሰው መንገዱ ተጠርጎለት፣ ቆሻሻው ተነሥቶለት ሲኖር፣ የባልባላ ሰው አካፋ ይዞ እንዲወጣ የሚጠበቀው ለምንድን ነው?›› የሚል ክርክር ይነሣል። ክርክሩ ከባድ ነው። የነዋሪዎችን ትጋት ማመስገን አንዳንድ ጊዜ ግዴታን የማምለጫ መንገድ ይሆናል። የሚመሰገን ሰው ይቅርና የሚያመሰግነውን አካል ‹‹አንተስ?›› ብሎ የሚጠይቅ ይጠፋል።

ሆኖም ሁለቱ ሸክሞች አንድ ዓይነት አይደሉም። በኤፕሪል 2004 የአምቡሊ ወንዝ በድንገት ሞልቶ ከ50 በላይ ሰዎችን ሕይወት ቀጠፈ። በኖቬምበር 2019 ደግሞ የሁለት ዓመት ያህል ዝናብ በአንድ ቀን ወርዶ ከተማይቱን አጥለቀለቀ ተብሏል። እንዲህ ያለውን ጎርፍ የመንደር ቦይ አያግደውም፤ ለዚያ ግድብ፣ መሐንዲስና በጀት ይሻል። በ2017 ከኢትዮጵያ ምድር ወደ ጂቡቲ የተዘረጋው 102 ኪሎ ሜትር የውኃ ቧንቧም በሁለት መንግሥታት ስምምነት እንጂ በሠፈር መዋጮ የሚሠራ አልነበረም። ሃምሳ ሰው ቀርቶ ሃምሳ ሺህ ሰው ቢከፋፈለው ጌጥ የማይሆን ሎሚ አለ። በሌላ በኩል ጎረቤት የታመመ ጎረቤቱን መጠየቁን፣ ልጆች በማን ደጅ ያለ ሥጋት እንደሚጫወቱ ማወቁን የትኛውም ሚኒስቴር ሊሠራለት አይችልም። የማኅበር ጥበብ እነዚህን ሁለት ሸክሞች ለይቶ ማወቁ ነው። በአንድ እጁ አካፋ፣ በሌላው አቤቱታ መያዝ አለበት። አካፋውን ብቻ የያዘ ማኅበር ነጻ የጉልበት ሠራተኛ ይሆናል፤ አቤቱታውን ብቻ የያዘ ደግሞ በየዓመቱ በጎርፍ ውስጥ ቆሞ ይጮኻል።

አቤቱታውን የሚያቀርብለት አካል ማኅበሩን ራሱን ሲውጠውስ? ይህንን እኛ ኢትዮጵያውያን በሚገባ እናውቀዋለን። በ1975 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በዐዋጅ የመንግሥት ሲሆን ቀበሌዎች የተቋቋሙት ‹‹የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር›› በሚል ስም ነበር። ስሙ ደግ ነበር፤ ሱቅ ከፍተዋል፣ መጸዳጃ ቤት ሠርተዋል፣ መሠረተ ትምህርት አስተምረዋል። ብዙም ሳይቆይ ግን፣ በ1977 እና በ1978 በቀይ ሽብር ዘመን፣ ያው ‹‹ማኅበር›› ጎረቤት ጎረቤቱን የሚጠብቅበትና የሚያስርበት ቤት ሆነ። ልዩነቱ የት ላይ ነው ቢሉ፣ ከጎኑ የነበረውን ዕድር ማየት ነው። ዕድር ዳኛውን ራሱ ይመርጣል፣ ገንዘቡን በራሱ መዝገብ ይጽፋል፣ የተከፋውም አባል መልቀቅ ይችላል። ዕድር መንግሥታት ሲለዋወጡ የዘለቀው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ዕድር ሌላም ትምህርት አለው። ለቀብር ድንኳን ሲተክል የሟችን መታወቂያ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ‹‹አብሮን ኖሯል ወይ?›› ብሎ ነው። በባልባላ ሶማሌው፣ አፋሩ፣ የመናዊው፣ ከእኛም አገር የሄደው ጎን ለጎን ይኖራል፤ ወረቀት ያለውም የሌለውም አለ። የመንግሥት መዝገብ ዜጋን ከመጻተኛ ሊለይ ይገባዋል ይሆናል። ጎርፍ ግን አይለይም። በጎርፉ አብሮ የሚሰጋ፣ በቦዩም አብሮ የቆፈረ ሰው በሠፈሩ ጉዳይ ድምፁ ካልተሰማ ማኅበሩ የድሮውን ሽቦ በራሱ እጅ መልሶ ተከለው ማለት ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ሰፈሩ ሲሻሻል ያሻሻለው ሰው በዚያው ይኖር ይሆን? በአዲስ አበባ የልደታ አካባቢ ከ2009 ወዲህ፣ የፒያሳም ብዙ ክፍል በ2024 ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ፣ ቤት ለተነሣበት ሰው ምትክ ቢሰጠውም እንኳ ለተበተነ ዕድር ምትክ አልተገኘለትም። በአንድ ድንኳን ሥር ያለቀሱ ሰዎች በየዳርቻው ተለያዩ። የጂቡቲ መንግሥትም በ2018 ‹‹ዜሮ ቢዶንቪል›› የሚል፣ የድሃ ሰፈሮችን የሚያስቀር መርሐ ግብር ጀምሯል፤ የባልባላም አሮጌ መንደሮች የሚሻሻሉበት ፕሮጀክት አለ። መንገድ መግባቱ፣ መብራት መድረሱ እሰየው ነው። ‹‹ዜሮ›› የሚለው ቃል ግን ለቆርቆሮው እንጂ በቆርቆሮው ሥር ለተሠራው ጉርብትና እንዳይተርፍ ያስፈራል። ካሳ ሲሰላ ግድግዳው በሜትር ይለካል። የተቆፈረው ቦይ፣ የተተከለው ዛፍ፣ የታረቀው ጠብ በምን ይለካል?

መለኪያው ባይገኝ እንኳ ዕዳው አለ። አንድን ሰፈር በላቡ ለኑሮ ያበቃ ሰው፣ ስለዚያ ሰፈር ሲወሰን በመጀመሪያ ሊጠየቅ ይገባዋል። ይህ ምጽዋት አይደለም፤ ለሠራ ሰው የሚከፈል ዋጋ ነው። የባልባላ ማኅበራትም ሆኑ የእኛ ዕድሮች ከአካፋው ጎን መዝገብ ይያዙ የምለው ለዚህ ነው፤ ማን እንደቆፈረ፣ መቼ እንደቆፈረ፣ ከማን ምን ጠይቀው ምን እንደተመለሰላቸው ይጻፍ። ሎሚውን ለሃምሳ መካፈሉ መልካም ነው። እየተሸከሙም ቢሆን ግን ‹‹ይህኛው የእኛ ነው፣ ያኛው ግን የእናንተ ነበር›› ማለትን አለመርሳት ነው።