ስክሪኑን ከመንቀልህ በፊት

ልጄ፣ አሮጌዋን ዴስክቶፕ ሰርቨር አድርገህ የቤተሰቡን ፎቶና ሰነድ ልታኖርባት ማሰብህ ደስ አሰኝቶኛል። ግራፊክስ ካርድና ሞኒተር አያስፈልጋትም ማለትህም ልክ ነው፤ ፋይል ለማስቀመጥ ስክሪን ምን ይሠራል? ካርዱም ያለ ሥራ መብራት ይበላል። ግን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላልና አንድ አደራ አለኝ፦ ማየት በምትችልበት ሰዓት፣ ሳታይ የምትገባበትን መንገድ አብጅ።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ነውና ከማዘርቦርዱ ጀምር። ስማቸው በኤፍ የሚያልቅ የኢንቴል ፕሮሰሰሮችና ብዙዎቹ የቀድሞ ራይዘኖች የራሳቸው ግራፊክስ የላቸውም። ካርዱ ሲወጣ አንዳንዱ ማዘርቦርድ እንደ ልማዱ ይነሳል፤ አንዳንዱ ጢጥ ጢጥ ብሎ እዚያው ይቆማል። ስለዚህ ካርዱን ሳትሸጥ ነቅለህ ሞክር። ካርዱን መልሰህ ባዮስ ውስጥ ገብተህም ኪቦርድ ባይኖር እንዳትቆም፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ በራሷ እንድትነሳ አድርግ። ማሽኗ አሮጌ ስለሆነች ባዮሱን ከማስተካከልህ በፊት ክቧን ባለ 3 ቮልት ባትሪ ቀይርላት፤ ባትሪው ከሞተ መብራት በሄደ ቁጥር ያስተካከልከው ሁሉ ሊጠፋ ይችላል።

ቀጥሎ ከሌላ ኮምፒውተር በኔትወርክ የምትገባበት በር ነው። በሩ ኤስኤስኤች ነው፤ ፊንላንዳዊው ታቱ ዩሎነን በ1995 እ.ኤ.አ. የሠራው በዩኒቨርሲቲው ኔትወርክ ላይ ፓስወርድ ስለተሰረቀ ነበር። አንተም በፓስወርድ ሳይሆን በቁልፍ ፋይል ግባ። ራውተሩ ላይ ለማሽኗ የማይለወጥ አድራሻ ያዝላት፤ አለዚያ አንድ ቀን የት እንዳለች ትጠፋሃለች። ፋየርዎል ስታበራ አስቀድመህ የኤስኤስኤችን ፖርት 22 ፍቀድ። ፓስወርዱን ስትዘጋም የገባህበትን መስኮት ሳትዘጋ፣ በሌላ መስኮት በቁልፉ መግባትህን አረጋግጥ። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው፤ ሌባ ልከለክል ብሎ ራሱን ውጭ የሚቆልፍ ብዙ ነው።

ብዙ ሰው የሚረሳው ደግሞ ሁለተኛው ዲስክ ነው። ማሽኗ የምትሠራበት ሊኑክስ ሲነሳ እንዲከፈት የተመዘገበ ዲስክ ከታጣ 90 ሰከንድ ያህል ይጠብቅና አስቸኳይ ሁነታ ውስጥ ገብቶ የሰው እጅ ይጠብቃል። ኤስኤስኤች ገና አልተነሳም፤ ስክሪን የለም፤ ኪቦርድ የለም። መድኃኒቱ ኤፍስታብ በሚባለው ፋይል፣ በዚያ ዲስክ መስመር ላይ «ኖፌይል» የምትል አንዲት ቃል ናት። ዲስኩ ቢጠፋም ማሽኗ ትነሳለች፣ አንተም ገብተህ ትጠግናለህ።

ሁሉን ከጨረስክ ፈትናት። በሥርዓቱ አጥፍተህ ካርዱን፣ ሞኒተሩንና ኪቦርዱን ንቀል፤ ሶኬቷን አውጥተህ መልስ፤ ከዚያ በስልክህም ሆነ በላፕቶፕህ ግባ። ካልገባህ ገና አልጨረስክም ማለት ነው። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ብለዋል አባቶች። ፎቶዎቹንም በሌላ ዲስክ ቅጂ ሳትይዝ አትደር፤ የእናትህ ትዝታ ሁሉ እዚያ ነው። እጅህን ይባርከው።