የሚላጥ እጅና የማይቋረጥ ውዱእ

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሰሐቦቻቸው ላይ ይውረድ።



ዛሬ የማነሳው ጉዳይ በኹጥባ ላይ ብዙም የማይነሳ፣ በሰፈር ወሬም «ቀላል ነው፣ ይለቃል» ተብሎ የሚታለፍ ነው። ይኸውም መዳፋቸውና ውስጥ እግራቸው በየጊዜው እየተላጠ፣ እየተሰነጠቀና እየደማ ለዓመታት የሚሰቃዩ ወንድሞችና እህቶች ጉዳይ ነው። እኔም ከነዚሁ አንዱ ነኝ። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁበት ጊዜ ጀምሮ ብዕር የምይዝባቸው ጣቶቼ ተልጠው ሳይሽሩ እንደገና ይላጣሉ። ሐኪም ችፌ መሆኑን ነግሮኛል፤ ሲነሳብኝ አክመዋለሁ፣ ሲተወኝ አላህን አመሰግናለሁ።

የምኖርበት አቃቂ ቃሊቲ የእጅ ሠራተኛ አገር ነው። ጨርቃ ጨርቁ፣ ብረታ ብረቱ፣ የምግብ ፋብሪካው፣ ጋራዡ፣ ሲሚንቶ የሚቦካበት የግንባታ ቦታ ሁሉ የሚንቀሳቀሰው በእጅ ነው። በሰው ቤት ልብስ እያጠቡ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ እናቶችም ከሳሙናና ከበረኪና ጋር ውለው ያመሻሉ። በጁምዓ ዕለት በውዱእ ቦታ ከቧንቧው ሥር የሚዘረጉትን እጆች ያስተዋለ ሰው፣ ይህ ችግር የጥቂቶች አለመሆኑን ይረዳል።

ችግሩ በቆዳው ብቻ ቢቀር ኖሮ ለሐኪም ትተነው ባለፍን ነበር። ነገር ግን ወደ ዲናችንም እየገባ ነው። ሁለት ዓይነት ሰዎችን በቅርብ አውቃለሁ። አንደኛው ውሃ የተሰነጠቀ እግሩን እንደ እሳት ስለሚያቃጥለው መጀመሪያ ውዱኡን ተወ፤ ቀጥሎ መስጂዱን፣ በመጨረሻም ሰላቱን ተወ። ሁለተኛው ደግሞ ሥቃዩ በጨመረ ቁጥር አጅሩ ይጨምራል ብሎ በማመን የቆሰለ እጁን በየሰላቱ በሳሙና እየፈተገ ያጥባል፤ ቅባት «ውዱእ ያበላሻል» በማለት አይነካም። አንዱ ሕመሙን ለሰላት መተው ምክንያት አደረገው፤ ሌላው ሰላቱን ለሕመሙ መባባስ ምክንያት አደረገው። ኢስላም ግን ከሁለቱም የራቀ ነው።

ጌታችን አላህ (ሱ.ወ.) ስለ ውዱእና ስለ ተየሙም በደነገገበት በሱረቱል ማኢዳህ ስድስተኛው አንቀጽ መደምደሚያ ላይ፣ ሊያስቸግረን እንደማይሻ፣ የሚሻው ሊያጠራንና ጸጋውን ሊሞላልን መሆኑን ነግሮናል። እንግዲህ ማቅለሉ የተነገረው ሕጉ በተደነገገበት በዚያው አንቀጽ ውስጥ ነው። ታዲያ የአላህን ማግራት ትቶ በራሱ ላይ የሚያከብድ ሰው የማንን ሕግ እየተከተለ ነው?

አቡ ዳውድ የዘገቡት የጃቢር ሐዲስ ለዚህ ትልቅ ትምህርት ነው። በጉዞ ላይ የነበረ አንድ ሰው ድንጋይ ጭንቅላቱን ፈነከተው፤ ሌሊት ላይ ትጥበት ግዴታ ሆነበት። ተየሙም ይፈቀድልኝ እንደሆነ ብሎ ባልደረቦቹን ቢጠይቅ፣ ውሃ እያለ አይፈቀድልህም አሉት። ታጠበና ሞተ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ይህን በሰሙ ጊዜ እጅግ ተቆጡ፤ ሰዎቹ እንደገደሉት ተናገሩ፤ ለአላዋቂነት መድኃኒቱ መጠየቅ መሆኑንም አስተማሩ። ባለማወቅ የተሰጠ ፈትዋ ሰው ይገድላል ማለት ነው።

በመሆኑም እጁና እግሩ የሚላጥበት ሙስሊም የሚከተሉትን ቢያውቅ ይጠቀማል። በውዱእ አካልን አንድ ጊዜ ማጠብ ግዴታ ሲሆን፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ሱና ነው፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ታጥበው ውዱእ ማድረጋቸው በቡኻሪ ተዘግቧል። ውሃው ለብ ያለ ወይም ቀዝቃዛ ሊሆን ይችላል፤ ሳሙና የውዱእ መስፈርት አይደለም። ቆዳ ውስጥ ሰርጎ የገባ ቅባት ውዱእን አያግድም፤ ወፍራም ሆኖ ውሃ የሚከለክል ከሆነ ግን አስቀድሞ ይጠረጋል። ቁስሉ በፋሻ የታሰረና መፍታቱ የሚጎዳ ከሆነ በፋሻው ላይ ይታበሳል። ውሃው ራሱ የሚጎዳ መሆኑ በልምድ ወይም በታማኝ ሐኪም ቃል ከታወቀ ደግሞ ተየሙም አለ። ማበስንና ተየሙምን በማጣመር ረገድ መዝሀቦች ስለሚለያዩ፣ ዝርዝሩን በአካባቢያችሁ ያሉ ዑለማዎችን ጠይቁ። በኹፍ ላይ ማበስም ለነዋሪ አንድ ቀን ከሌሊቱ፣ ለመንገደኛ ሦስት ቀናት ከነሌሊቶቻቸው የተፈቀደ ነው። የካልሲ ጉዳይ ዑለማዎች የተለያዩበት ስለሆነ እሱንም ጠይቆ መሥራት ይገባል።

«እኔ እኮ ሩኽሳ መውሰድ ያሳፍረኛል» የሚል ይኖራል። ወንድሜ ሆይ! በጀነት ከተበሰሩት ከአሥሩ ሰሐቦች መካከል ዐብዱራሕማን ኢብኑ ዐውፍና ዙበይር ኢብኑል ዐዋም ሰውነታቸውን ያሳክካቸው በነበረ ጊዜ፣ ለወንድ የተከለከለው ሐር እንኳ ተፈቅዶላቸዋል። ይህ በቡኻሪም በሙስሊምም የተዘገበ ነው። ለቆዳ ሕመም ሲባል ለነዚያ ታላላቆች የተሰጠ ማግራት ለእኔና ለአንተ የሚያሳፍረን በምን ምክንያት ነው?

ወደ ሕክምናው ስንመጣ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እንታከም ወይ ተብለው በተጠየቁ ጊዜ እንዲታከሙ አዘዋል፤ ከእርጅና በስተቀር አላህ መድኃኒት ያላደረገለት በሽታ እንደሌለም ነግረዋል። ነገር ግን መድኃኒቱ የሚገኘው በሽታው ሲታወቅ ነው። «እጅ መላጥ» የአንድ በሽታ ስም አይደለም።

ሳሙና፣ በረኪና፣ ሲሚንቶና የፋብሪካ ኬሚካል የቆዳውን ቅባት አጥበው ሲወስዱት እጅ ይደርቃል፣ ይላጣል፣ ይሰነጠቃል። እንዲህ ያለው ሰው እረፍት ሲወጣ ይሻለዋል፣ ሥራ ሲገባ ይነሳበታል። በሲሚንቶ ውስጥ ያለው ክሮሚየም ደግሞ በአንዳንዶች ላይ አለርጂ ያስነሳል፤ በዚህም ምክንያት የአውሮፓ አገሮች ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሲሚንቶ ውስጥ የሚገኘውን የዚህን ክሮሚየም መጠን በሕግ ገድበዋል። ሌላው ፈንገስ ነው። በእግር ጣቶች መካከል እየነጣ ይልሳል፣ ያሳክካል፤ አንዳንዴም ሁለት እግርና አንድ እጅ ብቻ ይይዛል። ከቆዳው ጥቂት ተፍቆ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ይለያል። ሶሪያሲስ የሚባለው ደግሞ ጠርዙ የለየ፣ የወፈረና የሚላጥ ቆዳ ያመጣል፤ ክርንና ጉልበት ላይም ሊወጣ፣ ጥፍርንም ሊበሳሳ ይችላል፤ ከሰው ወደ ሰው ግን አይተላለፍም።

እነዚህን ሳይለዩ ጎረቤት የተጠቀመበትን ቅባት ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ መቀባት አደጋ አለው። ለችፌ የሚታዘዘው ስቴሮይድ ያለበት ቅባት ፈንገስ ላይ ሲቀባ ለጊዜው ማሳከኩን ያስታግሳል፤ ፈንገሱ ግን ከሥር ይስፋፋል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለረጅም ጊዜ ሲቀቡትም ቆዳን ያሳሳል። የፈንገስ ቅባት ደግሞ ለውጥ ስለታየ ብቻ የሚቋረጥ አይደለም፤ የታዘዘው ጊዜ እስኪያልቅ፣ ብዙ ጊዜም ለሳምንታት፣ መቀጠል አለበት።

ለሁሉም የሚጠቅመው ነገር ግን ቀላልና ርካሽ ነው። እጅ በታጠበ ቁጥር ሳይደርቅ ቫዝሊን መቀባት። ይህን ስታስቡት ውዱእ የሕክምናው ጠላት ሳይሆን አስታዋሹ ሊሆን ይችላል። በቀን አምስት ጊዜ የሚታጠብ ሰው በቀን አምስት ጊዜ የመቀቢያ ሰዓት አለው ማለት ነው። እኔ ትንሿን የቫዝሊን ቆርቆሮ ከሙስሐፌ ጋር በቦርሳዬ እይዛለሁ። የጣቶችን መካከል በውሃ ማዳረስ ሱና ነውና አንተወውም፤ ከዚያ በኋላ ግን በደረቅ ጨርቅ ማድረቅን አንርሳ፤ ፈንገስ የሚወደው እርጥበትን ነውና። ልብስ የምታጥብ እህት ከላስቲክ ጓንቱ ሥር የጥጥ ጓንት ብታደርግ ላቡን ጥጡ ይመጥላታል።

የተላጠ ሁሉ ሥጋ ደዌ አይደለም። ሆኖም በቆዳ ላይ የደነዘዘ፣ መርፌ ቢነካው የማይሰማው ቦታ ካለ፣ ጊዜ ሳይወስዱ መታየት ያስፈልጋል። ሥጋ ደዌ ራሱ ዛሬ በመድኃኒት የሚድን በሽታ ነው። በዘነበወርቅ የሚገኘው አለርት በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና ሲሆን፣ በቆዳ ሕክምና ስሙ የታወቀ ነው። የስኳር ሕመም ያለበት ሰውም በእግሩ ላይ የሚታይን ስንጥቅ ሊንቅ አይገባም።

እዚህ ላይ ለሌሎችም አንድ ቃል አለኝ። አሠሪዎች ሆይ! በዲናችን ራስን መጉዳትም ሌላውን መጉዳትም የለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም የመከላከያ ልብስና መሣሪያ ማቅረብን የአሠሪው ግዴታ አድርጎታል፤ በሥራ ምክንያት የሚመጣን በሽታም ከሥራ ጉዳት ይቆጥረዋል። በሠራተኛው እጅ ሀብት እያፈሩ ለዚያው እጅ ጓንት መከልከል ምን ይባላል? የመስጂድ ኮሚቴዎችም በውዱእ ቦታ ሁሉም የሚጫማውን ሸበጥ በየጊዜው ማጠብና ማድረቅ፣ ወለሉም ውሃ እንዳይቋጥር ማድረግ ይችላሉ። ፈንገስ የሚተላለፈው በእንዲህ ዓይነቱ እርጥብ ነገር ነውና።

ከሁሉ በላይ የሚያመው ግን የሰው ፊት ነው። ለሰላምታ የተዘረጋ እጅ ታይቶ ሲሸሽ እኔም ደርሶብኛል። በቡኻሪና በሙስሊም ከተዘገበው የሦስቱ ሰዎች ታሪክ ውስጥ በቆዳው የታመመው ሰው፣ መልአኩ ምን እንደሚወድ ሲጠይቀው፣ ያማረ ቆዳ ከመመኘቱ ጋር ሰዎች የተጸየፉት መሆኑን ተናግሯል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ይህን የነገሩን የታመመ ሰው ልብ በምን እንደሚሰበር እንድናውቅም ጭምር ይመስለኛል። ሁለት ሙስሊሞች ተገናኝተው ሲጨባበጡ ሳይለያዩ ወንጀላቸው እንደሚማር ያስተማሩንም እሳቸው ናቸው። አብዛኛው የሚላጥ እጅ የማይተላለፍ ሆኖ ሳለ፣ ይህን ምሕረት በጥርጣሬ ብቻ ማሳለፍ ኪሳራ ነው።

ለታመምነው ደግሞ ነቢዩላህ አዩብ (ዐ.ሰ.) አርአያችን ናቸው። ታግሠዋል፤ ወደ ጌታቸውም ለምነዋል። ፈውሱ በመጣ ጊዜ መሬቱን በእግራቸው እንዲመቱ፣ ከፈለቀውም ውሃ እንዲታጠቡና እንዲጠጡ ታዘዙ። ትዕግሥት፣ ዱዓና ሰበብ ማድረስ ያልተነጣጠሉበት ታሪክ ነው። ሙእሚንን ሕመም ሲያገኘው ዛፍ ቅጠሏን እንደምታራግፍ ሁሉ አላህ ኃጢአቱን እንደሚያራግፍለትም በሐዲስ ተነግሮናል። ቆዳዬ በተላጠ ቁጥር ይህን አስባለሁ፤ አስቤም ቅባቴን እቀባለሁ።

ስለዚህ በሕመሙ ምክንያት መስጂድ የቀረ ወንድም ካለ ዛሬውኑ ይመለስ፤ ሐኪሙንም ዑስታዙንም ይጠይቅ። እናንተም በሚቀጥለው ጁምዓ ከሰላት በኋላ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ወደ በሩ የሚቸኩል ሰው ካያችሁ፣ ሰላምታውን እናንተ ጀምሩ፤ እጃችሁንም ቀድማችሁ ዘርጉ።

አላህ (ሱ.ወ.) የታመሙትን ይፈውስልን፤ ለደከሙት እጆች ሐላል ሲሳይና እረፍት ይስጥልን። አሚን! ወላሁ አዕለም።