ልምድ ሲያሳስት

ሰው ሳያስብ፣ በልማድ ብቻ የፈጸመው ስሕተት ያስጠይቀዋልን? ይህ የሥነ ምግባር ጥያቄ በመጻሕፍት ብቻ የሚገኝ አይደለም፤ በጅግጅጋና በቶጎ ጫሌ ጎዳናዎችም ያጋጥመናል።

ሃያ ዓመት በግራ ወንበር ተቀምጦ የነዳ የጅግጅጋ ሾፌር፣ ድንበሩን ተሻግሮ በሐርጌሳ መኪና ተረከበ እንበል። በዚያም እንደ እኛው የመንገዱን ቀኝ ይዞ ይነዳል፤ ነገር ግን አብዛኞቹ መኪኖች ከጃፓን የመጡ ስለ ሆኑ መሪያቸው በቀኝ ነው። ማርሹን በቀኝ እጁ ሲፈልግ ያጣዋል፤ ፍሬቻ አበራሁ ሲል የዝናብ መጥረጊያውን ያንቀሳቅሳል። ይህስ ያስቃል። የማያስቀው የጭነት መኪና ለመቅደም ሲነሣ ነው። የተቀመጠው በመንገዱ ዳር በኩል ነውና ከፊት ለፊት የሚመጣውን አያይም። ስለዚህ ርቀቱን ማስፋት፣ አንዳንዴም በግራው የተቀመጠውን መንገደኛ «መንገዱ ነፃ ነውን?» ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል። መንዳት የማያውቀው ለዐዋቂው ዐይን ይሆነዋል።

በባሕርም እንዲሁ ነው። የተለመደው የሸራ ጀልባ ነፋስ ሲበረታ ወደ ጎን ያዘነብላል፤ መርከበኛውም ሸራውን መቀነስ እንዳለበት በገዛ ሰውነቱ ይረዳል። ሁለት ቀጫጭን ጀልባዎች ጎን ለጎን የተጋጠሙበት ካታማራን ግን እምብዛም አያዘነብልም። ነባሩ መርከበኛ የለመደው ማስጠንቀቂያ ስለማይደርሰው ደኅና ነኝ ሲል ሸራውና ምሰሶው ከዐቅማቸው በላይ ይጫናሉ። የነፋሱን ፍጥነት ከመለኪያ እያነበበ ሸራውን አስቀድሞ መቀነስን እንደ ጀማሪ ይማራል።

አገራችን በ1956 ዓ.ም. ከግራ ወደ ቀኝ መንገድ ስትዛወር ነባር ሾፌሮች በአንድ ቀን ጀማሪዎች ሆኑ። ስዊድን በ1967 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ስታደርግ በመጀመሪያው ጊዜ አደጋው ቀነሰ፤ ሁሉም ይጠነቀቅ ነበርና። አዲሱ ሲለመድ ግን የአደጋው ቁጥር ወደ ነበረበት ተመለሰ።

እንግዲህ ለጥያቄያችን ምን እንመልስ? እጅ በልማድ ስትሳሳት ፈቃድ በዚያች ቅጽበት አልተሳተፈች ይሆናል። ነገር ግን ቁልፉን በተቀበለች ጊዜ «ይህንንማ ዐውቀዋለሁ» ብላ ከሆነ ጥፋቱ የተጀመረው ያን ጊዜ ነው። ቅዱስ ቶማስ አኲናስ ለመማር ፈቃደኛ መሆንን ከአስተዋይነት ክፍሎች አንዱ አድርጎ ቈጥሮታል፤ ሊቃውንትም ቢሆኑ ይህ እንደሚያስፈልጋቸው አስተምሯል። ተሳፋሪው ሕይወቱን ዐደራ የሰጠው ሾፌሩ ትናንት ለነዳው መኪና አይደለም፤ ዛሬ ለያዘው ነው።

ውድ አንባብያን፣ ነባር አስተማሪ ወደ አዲስ መንደር፣ ነባር ሠራተኛም ወደ አዲስ ሥራ ሲላክ ይህንኑ ያስብ። ሰው ከመጫኑ በፊት ባዶውን መኪና በሜዳ ላይ ይሞክር፤ ከእርሱ በዕድሜ የሚያንሰውንም ቢሆን ይጠይቅ። ያን ጊዜ የሃያ ዓመቱ ልምድ መልሶ ያገለግለዋል።